ዙሪያው ልክ ነው

እትዬ የሺሃረግ ቁናውን አረጋ እግር ስር አኖሩት። ከማኅበሩ የተሰጣቸው የዘር ገብስ ነው፤ ግማሽ ያህሉ አልተነካም።

"ማሳዬ አለቀና ዘሩ ተረፈኝ" አሉ።

"አራርቀው ዘርተውት ነዋ፣ እትዬ!" ሳቀ አረጋ። "እኔ እንኳ ያው ቁና ዘር አልበቃኝም፤ የማሳዬ ጥግ ባዶውን ቀርቷል።"

"የዘራልኝ ጎረቤቴ ገብረመስቀል ነው። እሱ ደግሞ ዘር አይሰስትም።"

አረጋ ነገሩ ከነከነው። የመሬት አዋጁ ከወጣ ወዲህ የብልባላ ገበሬ ማኅበር መሬት ለኪ ያደረገው እሱን ነው፤ በዚህም ልቡ ትንሽ አብጦ ነበር። ለየቤቱ ዙሪያውን በመጫኛ ገመድ ስድስት ጊዜ እየለካ ሰጠ። ማን የት እንደሚደርሰው በዕጣ ወጣ። ለአክስቱ ልጅ እንኳ ስንዝር አልጨመረም።

የጠፍር መጫኛውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እትዬን ከነቁናቸው አስከትሎ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደ። የእትዬ ማሳ ረጅምና ቀጭን ነው፤ በሬ እንኳ መዞሪያ ያጣበታል። ለካው፤ ስድስት። ደግሞ ለካው፤ ያው ስድስት።

"አዩ? ዙሪያው ልክ ነው።"

"እኔማ አየሁ። ገብሱ ነው ያላየው።"

አረጋ ተናዶ መጫኛውን ጫፍና ጫፉን ቋጠረና መሬት ላይ ጣለው። ሰፊ ክብ ሆኖ ተዘረጋ። እትዬ ሊያነሱለት አንዱን ጎን ይዘው ሳቡት። ክቡ ጠበበ፣ ቀጠነ፣ ሁለቱ ጎኖች ተነካኩ።

አረጋ ክው አለ።

"መሬቱ የት ሄደ?"

"የቱ መሬት? ምን ነካህ ልጄ?"

"ውስጥ የነበረው! መጫኛው ያው ነው፤ ውስጡ ግን የለም!" ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እትዬ፣ እኔ የለካሁት አጥሩን ነው። መሬቱን አልለካሁም።"

የእሱ ማሳ ሜዳው ላይ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ሰፊ። አፋፍ አፋፉን ቀጫጭኑ የደረሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወሰ። ሲረከቡ እጁን ስመውታል። አፈረ።

በዚያ የሚያልፈው የማኅበሩ ሊቀመንበር አድማሴ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ዝም በል!" አለ ዙሪያውን እየቃኘ። "ዘር መሬት ገብቷል። አሁን ብትናገር አገር ይተላለቃል። አንተንም አሻጥረኛ ብለው ያስሩሃል፤ እኔንም ካንተ ጋር።"

"አውቀን አይደለማ!"

"ይህን ለአብዮት ጥበቃው ንገረው።"

አድማሴ ሄደ። እትዬ ጎንበስ ብለው መጫኛውን ይጠቀልሉለት ጀመር። አረጋ ግን ጫፉን ከእጃቸው ተቀብሎ ቋጠሮውን ፈታ።

"ይነሱ እትዬ፣ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ እኔ ማሳ። በዚያ ባዶ ጥግ በኩል ለእርስዎ መቁረስ እንጀምራለን" አለ። "ገብሱንም ይያዙት።"