ያልተጠራው ዳገት

ወንድሜ ፈተናውን በሰባት ሰከንድ የወደቀው በእኔ ነው። ሰው ሁሉ እግሩን ይወቅሳል፣ እሱ ራሱም ጭምር። እኔ ግን ከኋላው በብስክሌት ስከተለው የከረምኩ ሰው ስለሆንኩ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ወንድሜን ፌንጣ እንለዋለን። ቁመቱ በሙሉ እግር ነው፤ ሱሪ ስሰፋለት የአንድ ተኩል ሰው ጨርቅ ይበላብኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ የኖረው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መቀጠርን ነበር። ዘንድሮ ማስታወቂያ ወጣና የጽሑፉን ፈተና አለፈ፤ የሕክምና ምርመራውንም አለፈ። የቀረው ሩጫው ብቻ ነበር፦ አምስት ኪሎ ሜትር በሃያ ደቂቃ፣ ያውም መጨረሻው ዳገት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሩጫ የማውቀው የቱታ ላስቲክ መቀየር ብቻ ነው። ዘዴውን ያሳዩን ደንበኛዬ የስፖርት አስተማሪው ናቸው። ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው በርጩማ ላይ ቆመው፣ እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ስፒል እየሰካሁ አወራኋቸው።

«ፋርትሌክ ነው የሚያዋጣው» አሉኝ። «ሰዓትም ሜዳም አያስፈልገውም። ዘና ብሎ ሲሮጥ ድንገት ‹እስከዚያ ግንብ!› ትይዋለሽ፣ ይፈተለካል። ትንፋሹ እስኪመለስ ደግሞ ቀስ ይላል፤ እንደገና ትጠሪያለሽ። አጫጭሩ ፍጥነት ይሰጠዋል። እስከ መጨረሻው የሚያቆየው ግን ረጅሙ ነው፣ በተለይ ዳገት ላይ። በወጣችሁ ቁጥር ሁለት ረጅም እንዳይቀርበት።»

«ራሱ ለምን አይጠራም?»

«ሰው ለራሱ ይራራል። ሌላ ሰው ይጥራለት፣ የማይራራ።»

የማይራራ ሰው ተፈልጎ እኔ ተገኘሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንወጣለን። እሱ ይሮጣል፣ እኔ የአባዬን አሮጌ ብስክሌት ይዤ እከተላለሁ። ሰንሰለቱ በወለቀ ቁጥር ወርጄ እገጥማለሁ። «እስከ ሰማያዊው በር!» እላለሁ፤ ይበራል። «እስከ ወፍጮ ቤቱ!» ረጅሙ ጥሪ «እስከ ታንከሩ!» ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት የሚነሳው ዳገት ጫፍ ላይ የውሃ ታንከር አለ፤ እስከዚያ በፍጥነት አራት ደቂቃ ያስኬዳል። ፌንጣ እላይ ደርሶ እያለከለከ «እታለም፣ ምን በደልኩሽ?» ይለኝ ነበር። እስቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ያለፈ ሰው አሥር ወር ሌላ ከተማ፣ ካምፕ ውስጥ እያደረ ይሠለጥናል ይላል።

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ደም ግፊት ጥሎት ግራ ጎኑ አይታዘዘውም። ቁስል እንዳያወጣ በየሦስት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ፌንጣ እጁን ከሥሩ ሰዶ «አባዬ፣ ማርሽ ቀይር!» ይልና በአንድ ትንፋሽ ያዞረዋል፤ አባዬም በግማሽ አፉ ይስቃል። ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት ፌንጣ በሌለበት አባዬ ከአልጋ ተንሸራቶ ወደቀ። ላነሳው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ጎረቤታችን አናጢው ከሥራ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ሁለታችንም ወለል ላይ ተቀመጥን። አባዬ «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ ልጄ» ሲለኝ ነበር። አሥር ወር እንዲህ ስቀመጥ ታየኝ፣ ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱ ሥር ደረስን። አፌን ከፈትኩና «እስከ ሰማያዊው በር!» አልኩ። ሰማያዊው በር ሜዳው ላይ ነው፣ ቅርብ። ለዛሬ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። «ለዛሬ ብቻ» አምስት ሳምንት ሞላው።

መጥፎነቱ፣ ፌንጣ ከቀን ወደ ቀን እየፈጠነ መጣ። አጫጭሩን ሲፈተለክ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። አንድ ቀን ብቻ «እታለም፣ ዳገቱን ተውነው እኮ» አለኝ።

«ጉልበትህን ለፈተናው ቆጥብ። አስተማሪው ናቸው ያሉት።»

ሌላ አልጠየቀም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ያልኩትን ሁለተኛ አይመረምርም። እንዲህ የሚያምን ሰው ማታለል ምንም አይከብድም፤ የሚከብደው በኋላ ነው።

በፈተናው ቀን ሦስት ኪሎ ሜትር ሙሉ አንደኛ ነበር። አራተኛው ላይ ትከሻው ወደ ላይ ወጣ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ እግሩ ከዳው፤ አንድ በአንድ አለፉት። ሃያ ደቂቃ ከሰባት ሰከንድ። መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ እኔ አጠገቡ ሄጄ ተንሰቀሰቅኩ። እንባዬን በቱታው እጅጌ እየጠረገ «ተይ በቃ እታለም። አንቺ የምትችይውን ሁሉ አድርገሻል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ከአሥር ሰከንድ ባነሰ የወደቁ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግሙ ተፈቀደላቸው። ፌንጣ ሊመዘገብ ወስኖ ነበር። በማግስቱ አስተማሪው ሌላ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ።

«ዳገቱን በደንብ ሠርቶት ነበር?»

«አዎ፣ በወጣን ቁጥር ሁለት ጊዜ» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ያህል ሠርቶ ዳገት ላይ ከሞተ፣ እንግዲህ ተፈጥሮው አይደለም ማለት ነው። ልጁ በከንቱ ባይለፋ ይሻላል።»

የስፌት ክፍሌን ከአባዬ ክፍል የሚለየው መጋረጃ ነው። ፌንጣ ከመጋረጃው ጀርባ የደረሰው የአስተማሪው የመጨረሻ ቃል ላይ ነበር። ማታ ሳይ የሩጫ ጫማው ተጠርጎ ቁምሳጥኑ ላይ ተሰቅሏል።

«አልመዘገብም» አለኝ። «ጋሼ ያሉትን ሰምቻለሁ። ተፈጥሮዬ ካልሆነ ምን ይደረጋል?»

ያን ሌሊት ራሴን ጠላሁት። ልጁን ፈተና ላይ መጣል አንድ ነገር ነው፤ እግርህ የሯጭ እግር አይደለም ብሎ ማሳመን ሌላ ነው። ጠዋት አባዬን ሊያገላብጥ ሲያጎነብስ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ዳገቱን ሆን ብዬ ነው ያልጠራሁት» አልኩት። «አስተማሪው ተው አላሉም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ትናንትም ለአስተማሪው ዳገቱን ሠርቶታል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እግርህ ምንም አልሆነም።»

እጁ አባዬ ሥር እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ያኔ አባዬ ተናገረ። አልጋው በመስኮቱ በኩል ነው፤ መስኮቱ ዳገቱን ያያል። «እ... እኔም አይቻለሁ» አለ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ። «በየጠዋቱ። ዳገቱን ስትተዉት። ዝም አልኩ።» ደህና በሆነው ዓይኑ እንባ ወረደ። እኛ ሁለታችን በአንድ ልጅ ላይ ሳንነጋገር ተስማምተን ኖረናል።

ፌንጣ አባዬን አዞረው፣ ትራሱን አስተካከለለት፣ ወጣ። ማርሽ የሚለው ቀልድ አልነበረም።

ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሥራውን ይሠራል፣ አባዬን ያነሳል፣ እኔን እንደ ዕቃ ያልፈኛል። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ሸራ ይዞ መጣና የስፌት መኪናዬ ላይ ጣለው።

«በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት እጀታ ስፊበት። እንዳይተረተር በድርብ።»

ለምን ብዬ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ሰፋሁ። ይዞት ገባ፤ ከአባዬ ሥር ከትከሻ እስከ ጭን አነጠፈው፤ የአባዬን ጉልበት አጠፈና «በግድግዳው በኩል ነይ» አለኝ። «የማዶውን እጀታ ያዥ። በክንድሽ አትሳቢ፣ ወደ ኋላ ተቀመጪ፤ ክብደትሽ ይጎትተው።»

ጎተትኩ። አባዬ ግማሽ ድረስ ዞሮ ቆመ። «አልቻልኩም፣ ያዝልኝ!»

ፌንጣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አልነካውም። «እስከ ግድግዳው!» ብሎ ጮኸ።

ጥርሴን ነክሼ ወደ ኋላ ተቀመጥኩ፤ አባዬ ተገልብጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። «ማርሽ... ገባ» አለ አባዬ እንደዞረ። ማንም አልሳቀም፣ እሱ ራሱ ግን ትንሽ ሳቀ።

«ከወደቀ ደግሞ አናጢውን ትጠሪያለሽ» አለ ፌንጣ። «ነግሬዋለሁ፤ ሚስቱም ቤት ናት።» ጫማውን ከቁምሳጥኑ አወረደ። «ተመዝግቤያለሁ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት። ታንከሩን ሁለቴ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

እሱ ከወጣ በኋላ ሸራውን ከአባዬ ሥር ስቤ አጠፍኩት። ስድስቱን እጀታ በጣቴ አንድ በአንድ ነካሁ። ስፌቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም ነበር፤ ሸራ ቤቴ ውስጥ ሁልጊዜም አለ።