ዘርን በጠረኑ የሚለይ ሰው

የገበሬዎቹን ማኅበር የግዥ ኮሚቴ የምትመራውን ሴት አባላቱ በስሟ አይጠሯትም፤ «ወንፊት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ራዲዮ ነው። ራዲዮም ቢሆን ስሙ አይደለም፤ አፉ ስለማይዘጋ የተለጠፈበት ቅጽል ነው እንጂ ከወንዙ ማዶ በቆሎ የሚያመርት ረጅም ገበሬ ነው። አንድ ቀን ማኅበሩ ሊገዛው ያሰበውን ጆንያ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች ቀዳዳ ስትፈልግ አያትና፣ «እቺ ሴትዮ እኛንም ብትነፋን ግማሻችንን ገለባ ብላ ትደፋናለች» አለ። ከዚያ ወዲያ ወንፊት ሆና ቀረች።

እንግዲህ ይቺው ወንፊት፣ «የዘንድሮውን ዘር ከከተማው ነጋዴ እንግዛ» ስትል ኮሚቴው ጆሮውን ተጠራጠረ።

«ከማን?» አለ ራዲዮ።

«ከእሱ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው።»

«አሞሻል እንዴ? አንቺ እኮ በሱቁ በኩል ላለማለፍ ዞረሽ የምትሄጂ ሰው ነሽ።»

«ዘንድሮ እግሬን ደከመኝ» አለችና ወረቀቷን ሰበሰበች።

ማኅበሩ ሳይቋቋም ሁሉም ለየብቻው ነበር የሚገዛው። ዝናቡ ሲቃረብ ገበሬው አህያውን እየነዳ ከተማ ይወርዳል፣ ነጋዴው ደጅ ይሰለፋል። ነጋዴው ቀና ብሎ ደመናውን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ የገበሬውን ጫማ ያያል፣ ከዚያ ዋጋውን ይጠራል። ደመናው በጠቆረ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። የተከራከረውን «ሌላ ቦታ ሞክር» ይለዋል፤ ሌላ ቦታ እንደሌለ ግን ሻጩም ገዢውም ያውቁታል። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ሁሉም የሚያስፈልገውን ዘርና ማዳበሪያ ገና መሬቱ ደረቅ ሳለ ያስመዘግባል፤ የሁሉም ፍላጎት ይደመርና ለሻጮች በአንድ ቃል ይነገራል፤ ሻጮቹ እርስ በርስ ይወዳደራሉ፤ ዕቃው በአንድ ጭነት ይመጣል፣ የመኪናውንም ኪራይ ሁሉም ይካፈለዋል። ድሮ ደጁ ላይ ጥላ አጥተው ይውሉ የነበሩትን ሰዎች፣ ስብሰባቸው መቼ እንደሆነ የሚያጠያይቀው አሁን ነጋዴው ነው።

ወንፊት ይህን ማኅበር ቤት ለቤት ዞራ ስታቋቁም ሰው ሁሉ ስለ ወጪ መቀነስ የምታስብ መስሎት ነበር። ስለ ወጪም ታስባለች፤ አልዋሸችም። ግን ከሥር ሌላ ነገር ነበር።

የዛሬ አሥር ዓመት ነው። አባቷ ከነጋዴው የገዙት ዘር አልበቀለም። ማሳውን ቢጭሩት ፍሬው አፈር ውስጥ በስብሷል። አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥረው ወደ ሱቁ ሄዱ፤ እሷ ውጭ አህያውን ይዛ ቆማ ነበር። ነጋዴው መሐረቡን እንኳ አልፈታውም።

«አባት» አለ፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ከላይ የመጣልኝን ነው የምሸጠው። ጆንያ ውስጥ ያለውን በምን ዐውቃለሁ? ግን ከእርስዎ ጋር የገዙት ሁሉ በቅሎላቸዋል። ዘር ደግሞ እንደ ጢም ዝም ብሎ አይበቅልም። እጅ ያረጃል፤ ምነው ጡረታ ቢወጡ?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወንፊት ያንን ሳቅ ልትረሳው ትችል ነበር። ያልቻለችው አባቷም አብረው መሳቃቸውን ነው። ሳቁና መሐረቡን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። በዓመቱ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም «ምነው አያርሱም?» ሲላቸው እጃቸውን አገላብጠው እያዩ፣ «ይሄ እጅ በቃው» ይላሉ። ሰውየው የቀለደባቸውን እሳቸው አምነውት ኖሩ።

ስለዚህ ወንፊት የዘንድሮውን ውል ስታዘጋጅ እንደ ወጥመድ ነው የሠራችው። ናሙናው ሻጩ መርጦ ከሚልከው ሳይሆን መጋዘን ከደረሰው ጆንያ ላይ ይወሰዳል። ካልበቀለ ጭነቱ በሙሉ በሻጩ ወጪ ይመለሳል። ሁለተኛ የወጣው ሻጭ ደግሞ ፍተሻው እስኪያልቅ ዘሩን ለማንም ላይሸጥ ቃል ገብቷል፤ ጎረቤቶቿ ዝናብ መጥቶ ባዶ እጃቸውን እንዲቀሩ አትፈልግም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ነጋዴው እንደ ልማዱ አሮጌውን ከአዲሱ ደባልቆ እንዲልክና፣ የበሰበሰው ፍሬ ሰው ሁሉ ፊት እንዲገለጥ። አባቷም እንዲያዩት።

ጭነቱ መጣ። ከየጆንያው መሃል በሹል ቱቦ እየወጋች ፍሬ አወጣች፣ መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ደረደረች፣ ጠቅልላ መጋዘኑ ጥግ አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ውኃ ታርከፈክፍበታለች። የመጋዘኑ ዘበኛ እንዲህ ስትመላለስ አይቶ፣ «አራስ ነው እንዴ የምትጠይቂው?» አላት።

«አስከሬን ነው» አለችው።

ጨርቁ የሚፈታበት ጠዋት ቀድማ ገባች። አጎንብሳ ገለጠችው። ነጫጭ ሥር፣ ለምለም ቡቃያ፣ ከዳር እስከ ዳር። ያልበቀሉት አራት ብቻ ነበሩ።

ዓይኗ ደም ለበሰ። ደግማ አየችው። የጎረቤቶቿ እህል፣ የራሷ ልጆች ቀለብ፣ ፊቷ ተዘርግቶ እያደገ ነው፤ እሷ ደግሞ ሞቶ ባገኘው ብላ ትመኛለች። በሩ አጠገብ የዘበኛው ማንቆርቆሪያ ከሰል ላይ ይንተከተካል። ሄዳ አነሳችው። ጨርቁ ድረስ ይዛው ተመለሰች። እንፋሎቱ ጣቷን እየለበለባት፣ ብትደፋው ማን ያውቃል ብላ ቆመች።

ያቆማት ደግነት አልነበረም። ፍሬዎቹን እያየች ነበርና አንድ ነገር ቆረቆራት። ሁሉም የአንድ ዓመት ናቸው። አንድም የደበዘዘ፣ አንድም የከሳ፣ አንድም ካቻምና የታጨደ የለበትም። ያን ሁሉ ጆንያ እንዲህ አድርጎ የለየ ሰው አሮጌውን ከአዲሱ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ታዲያ «በምን ዐውቃለሁ» ያለው ማን ነበር? ሦስት መቶ ሰው አንድ ላይ ሲገዛው ዐወቀ። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ሲገዛው ዓይኑ ጠፋ።

ማንቆርቆሪያውን መለሰች።

«በፍል ውኃዬ ልትላጪ ነበር?» አላት ዘበኛው።

«ሰው ልላጭ ነበር። ምላጩ ሌላ ቦታ ተገኘ።»

አመሻሹ ላይ አባቷን፣ «አባባ፣ ነገ ጉባኤው ላይ ይምጡ» አለቻቸው።

«ምን ላደርግ? እኔ የማርስ ሰው አይደለሁ።»

«አባል ነዎት። ተቀምጠው ይስሙ፤ ሌላ ምንም አልልም።»

«ምን ልሰማ?»

«ነጋዴውን።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በማግስቱ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተቀምጠው አየቻቸው።

መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጋዴው አዲስ ኮቱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ክፍያውን ሊወስድ ነው የመጣው። ወንፊት የበቀለውን ጨርቅ ለሁሉም አዞረች። ሰው ጎንበስ እያለ አየ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞረችና በዕድሜዋ ለማንም ባላሳየችው ለስላሳ ፊት ተናገረች።

«እኔ ጥርጣሬ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንዲህ ተለቅሞ የመጣ ዘር አይቼ አላውቅም። ጋሼ፣ እንዴት ነው የለዩት? ለእኛም ይንገሩን።»

ነጋዴው ይዞት የመጣውን ትሕትና ረሳው። ብድግ ብሎ ኮቱን አስተካከለ።

«ልጄ፣ ይሄ እንኳ በመንገር አይገባም። እኔ አባቴ መጋዘን ውስጥ ነው ያደግሁት። ጆንያ ሲፈታ በሩ ላይ ቆሜ በጠረኑ ብቻ እነግርሻለሁ፤ ይሄ የዘንድሮ ነው፣ ይሄ የአምና ነው፣ ይሄ እርጥበት ነክቶታል። ከፈለግሽ ዓይኔን ሸፍኚኝ።»

«ዓይናቸውን አትሸፍኑ፣ ብር መቁጠር ሊያቅታቸው ነው» አለ ራዲዮ። ሰው ሳቀ፤ ነጋዴውም ሳቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለዩት?»

«ጢም ሳላወጣ ጀምሮ።»

«ታዲያ አንዳንድ ጊዜ እንኳ አሮጌው ሳያውቁት አያመልጥዎትም?»

«ከእኔ?» ተሰብሳቢውን በሙሉ እየዞረ አየ። ሊቋቋመው የማይችለው ሙገሳ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ስነግድ፣ ሳላውቃት ከመጋዘኔ የወጣች አንዲት ፍሬ የለችም።»

ወንፊት ቁጭ አለች። ነገሩ በየሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ ሲገባ ይታይ ነበር። ነጋዴው ጭብጨባ ይጠብቅ ኖሮ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆይቶ ደረቀ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። «የዛሬ አራት ዓመት የሸጡልኝ ሳይበቅል ሲቀር፣ ከላይ የመጣ ነው፣ በምን ዐውቃለሁ አሉኝ።»

«እሱ እኮ፣ እመቤቴ...»

«እኔንም እንደዚያ ነው ያሉኝ» አለ ሌላው። «አዘራርህ ነው አሉኝ። ከሚስቴ ጋር ተጣላሁበት፤ ጥልቅ አድርጋ ዘርታው ነው ብዬ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ነጋዴው። «እኔ ያልኩት ባጠቃላይ...»

«ባጠቃላይ አላሉም» አለ ራዲዮ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። «አንዲት ፍሬ ነው ያሉት። እኔም እዚሁ ነበርኩ።»

ወንፊት ያኔ ነው ወደ ሦስተኛው ወንበር የተመለከተችው። አባቷ ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያያሉ። የሌላ ሰው እጅ ተሰጥቷቸው፣ የእርስዎ ነው የተባሉ ይመስሉ ነበር።

የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከረባት የማይለየው ጠንቃቃ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘሩ ጥሩ ስለሆነ ክፍያው በውሉ መሠረት ሙሉ በሙሉ መፈጸም አለበት አለ።

«ይፈጸም» አለች ወንፊት። «አንዲት ሳንቲም አትጉደልባቸው። የእሳቸውን ዓይነት ንግድ እኛ አንነግድም። ውሳኔ የምጠይቀው ስለሚቀጥለው ነው። ከእንግዲህ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ጆንያ፣ ሲባጎ እንኳ ከዚህ ሰው አንግዛ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

«ከሌላ ብንገዛ ዋጋው በመጠኑ ይጨምራል» አለ ሒሳብ ሠራተኛው። «ማኅበሩ የተቋቋመው ወጪ ለመቀነስ ነው። ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባልኝ።»

«ይግባልህ» አለ ራዲዮ፣ «የኔን ጭማሪ ስንት እንደሆነ ሳልሰማ እከፍላለሁ።»

እጅ ወጣ። በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ አንዳንዱ ሒሳቡን በልቡ እያሰላ፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን እያየ፣ ግን ወጣ። የአባቷ እጅ ከሁሉም በኋላ ተነሳና የሌላው ሁሉ ሲወርድ እሱ እንደቆመ ቀረ፤ ሒሳብ ሠራተኛው «ተቆጥሯል፣ አባት» እስኪላቸው ድረስ።

ነጋዴው ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ በጎን በር ወጣ፤ ግን አልሄደም። ወንፊት ስትወጣ ተከትሎ ጥግ ያዛት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«እኔን ምንም። አባቴን ነው። አልበቀለም ብለው ሲመጡ ሱቅ ሙሉ ሰው ያሳቁባቸው።»

«አባትሽ ማን ናቸው?»

ትኩር ብላ አየችው። አላስመሰለም፤ እውነትም አያውቅም። አሥር ዓመት ቤታቸው ውስጥ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የኖረው ነገር እሱ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ይህ ከሳቁ የባሰ ሆነባት።

«ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ» አለ ነጋዴው። «እክሳቸዋለሁም። ብቻ ለሕዝቡ አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ሦስት መቶ ሰው ከሄደ ሱቄ ምን ይሆናል?»

«ይቅርታ መጠየቅዎ ጥሩ ነው።» ወደ ዋናው በር አመለከተችው። «አባቴ ውስጥ ናቸው፤ አሁን ይወጣሉ። ፈልገው ያግኟቸው።»

«የቱ እንደሆኑ ካልነገርሽኝ...»

«እርስዎ መልካቸውን ያልለዩትን እኔ ምን ልርዳዎ?»

ሰው ከበሩ መጉረፍ ጀመረ። ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመና የመጀመሪያውን ሽማግሌ ክንድ ያዘ። «አባት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያኔ በዘሩ ነገር...»

«የትኛው ያኔ?» አሉት ሽማግሌው። «ሁለት ጊዜ ነው ያደረግህብኝ።»

ወደሚቀጥለው ዞረ። ያኛውም አባቷ አልነበሩም፤ ግን የሚሉት ነበራቸው፤ ቆመው ተራቸውን ያዙ። ሦስተኛው መጣ። ከኋላቸው ያቺ ሴት ተጨመረች። ነጋዴው መሃላቸው ሆኖ ወዲህና ወዲያ እየዞረ ይቅርታውን ለያንዳንዱ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

አባቷ በስተኋላው በኩል፣ ኮቱን ሊነኩት ምንም ሳይቀራቸው አልፈው መጡ። እሱ አላያቸውም።

«ሰውየው ምን እያለ ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

«እርስዎን እየፈለገ ነው፣ አባባ። ይቅርታ ሊጠይቅዎት።»

ዘወር ብለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። አንዱ ሽማግሌ የነጋዴውን አዲስ ኮት እጅጌ ይዘው እየነቀነቁ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ነኝ ልበለው?»

ወንፊት ክንዳቸውን ያዘች። «ይተዉት። ይፈልግ።»

አባቷ ዱላቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «እሺ» አሉ፣ «ይፈልግ።»