ቅንጦት በኋላ ማርሽ

«ጋሼ ወድቀሃል» ድመት ሊያሠለጥኑ ነው የሚለው ወሬ የመንጃ ፈቃድ መፈተኛውን ግቢ ሲያዳርስ፣ ሆዳቸውን ይዘው ከሳቁት ግማሾቹ እሳቸው በፈተና የጣሏቸው ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸውም እነዚሁ ናቸው። ሰውዬው ፈታኝ ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከአፋቸው «ጎሽ» የሚል ቃል ወጥቶ የሰማ የለም። እንከን የለሽ አድርጎ የነዳ ተፈታኝ እንኳ ቢበዛ ቢበዛ የሚያገኘው «እሺ፣ ውረድ» ነው።

ድመቷም ብትሆን እንደምናውቃቸው ድመቶች አይደለችም። ወተት አትጠጣም፣ ፀጉር አታረግፍም፤ የምትኖረው ታብሌት ውስጥ ነው። ስሟ ቅንጦት ይባላል። የጋሼ ባለቤት ዓመት ሙሉ አቀማመጥ፣ አንገት አሰባበር፣ ጅራት አጠቃለል ሲያስተምሯት ከርመው ለኦንላይኑ የቤት እንስሳት የቁንጅና ውድድር ፍጻሜ አድርሰዋታል። ልክ በዚህ ሰዓት የልጃቸው ምጥ ቀድሞ መጣ። ሴትዮዋ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ሲከንፉ ታብሌቱ ሶፋው ላይ ቀረ።

«ስማኝማ» አሉ በስልክ፤ ከበስተኋላቸው አዲሱ ሕፃን ይጮሃል። «ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነው። እስከ ዛሬ ምንም ለምኜህ አላውቅም፤ እሷን ብቻ አቅርብልኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ስንቱን ነጂ ቀጥ ያደረግኩ ሰውዬ አንዲት ድመት ታቅተኛለች?»

«ድምፅህን ለስለስ አድርግ እንጂ። እሷ የምትሰማው ድምፅ ነው።»

ጋሼ ታብሌቱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሥራ ጀመሩ። «ቅንጦት! ተዘጋጂ! ወደ ፊት!» የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ልብ የሠልጣኟን ስሜት የምታሳይ ናት፤ ፍቅር ያለው ድምፅ ስትሰማ ትሞላለች፣ ካልሰማች ባዶ ትሆናለች። ባዶ ሆነች። ቅንጦት አዛጋችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጋሼ ጥርሳቸውን ነክሰው «ጎበዝ!» አሉ። ስክሪኑ ላይ «እባክዎ አይቆጡ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አልተቆጣሁም!» ብለው ጮኹ። ድመቷ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሶፋዋ ሥር ገባች።

በማግስቱ ምላሳቸውን ለማላመድ ብለው አንዱን ተፈታኝ መሀል መንገድ ላይ «ጎበዝ» አሉት። ልጁ ምን ነካቸው ብሎ ከመደንገጡ የተነሣ የዳር ምሰሶውን ገጭቶ ወደቀ።

ነገሩ የተፈታው ሳይታሰብ ነው። ባለቤታቸው ደውለው ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደሚያድር፣ እንደማያስተኛቸው አውርተው፣ «በል ቻው» ብለው ዘጉ። ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ለራሳቸው «ቤቱ እኮ ያላንቺ ቤት አይደለም» አሉ። የስክሪኑ ልብ ጢም አለች! ቅንጦት ከሶፋዋ ሥር ወጥታ፣ ደረቷን ነፍታ ጉብ አለች። ጋሼ ሰው ያየባቸው ይመስል ዞር ዞር ብለው በሩን ዘጉና «ናፍቀሽኛል» ብለው ሞከሩ። ድመቷ አንገቷን ሰበር፣ ጅራቷን ጥቅልል አደረገች። ጋሼ በደስታ ወንበሩን ገለበጡት።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው! ትእዛዙ ከመፈተኛው ሜዳ፣ ምስጋናው ለሚስት ተብሎ ሳይነገር ከቀረው ክምችት ሆነ። «ግራ እዪ! ቀኝ እዪ! ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ!» ይሉና ወዲያው «አንቺ የቤቴ ድምቀት» ያክሉበታል። ሌላ ማስተማሪያ ዘዴ አያውቁም። ድመቷም ሌላ አስተማሪ የላትም፤ ያሏትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ያዘች።

ቅዳሜ ደረሰ። በስክሪኑ መድረክ ላይ መነጽር ያደረገ ውሻ እየተንጎራደደ መጥቶ ቦታውን ያዘ፤ በቀቀን እጅ ነሥታ ከጎኑ ቆመች። ተራው የቅንጦት ሆነ። ቅንጦት መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች። ግራ አየች። ቀኝ አየች። ከዚያ ፊቷን አዙራ፣ በትከሻዋ ወደ ኋላ እየገላመጠች፣ በውሻውና በበቀቀኗ መሀል አንዳቸውንም ሳትነካ በቂጧ ገብታ ቆመች! አስተዋዋቂው በሳቅ ፈረሰ። የተመልካቹ አስተያየት እንደ ጎርፍ ወረደ፦ «ፓርክ አደረገች እኮ!» «መንጃ ፈቃድ ስጧት!»

ጋሼ በኩራት አበጡ። ግን አልተጨረሰም። ዳኞቹ ፎቶ እስኪያነሡ ድረስ ቁጭ ብላ መርጋት አለባት። ቅንጦት ደግሞ ምስጋናዋን እየጠበቀች ገትራ ቆማለች። ልቧ እየጎደለች ነው። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያኔ ትዝ አላቸው። ማይኩ ክፍት ነው፤ የሚሉት ሁሉ ለተመልካቹ ይሰማል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጃቸው፣ አማቻቸው እየሰሙ ነው። ከሁሉ በላይ ባለቤታቸው እየሰሙ ነው።

«ተቀመጪ» አሉ። ድመቷ አዛጋች።

ለድመት ማውራት ቀላል ነበር፤ ለባለቤቷ ግን ከነጭራሹ ብለውት አያውቁም። ያን ሁሉ ሰው ያለ ርኅራኄ ወድቀሃል ያሉ ሰውዬ፣ የሚስታቸው የዓመት ልፋት ዓይናቸው እያየ ሊወድቅ ሲል አልቻሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንቺዬ» አሉ። «ስትሄጂ ቤቱ ጭር አለ። ከሥራ ስመለስ ድምፅሽን ካልሰማሁ መግባቱም ያስጠላኛል። ቆንጆ ነሽ ብዬሽ አላውቅም። ቆንጆ ነሽ። ድሮም ነበርሽ፣ ዛሬም ነሽ። ዝም ያልኩት የምታውቂው መስሎኝ ነው።»

ዓይናቸውን ሲገልጡ ቅንጦት እንደ ንግሥት ተቀምጣለች፤ ስክሪኑ በቀይ ልብ ተጥለቅልቋል። ፎቶው ተነሣ። አንደኛ ባለመነጽሩ ውሻ፣ ሁለተኛ ቅንጦት ተባለ። ድመቷ ድካሙ ጸንቶባት እዚያው ተጠቅልላ ተኛች።

ስልኩ ጮኸ። ጋሼ አንስተው «ሁለተኛ ወጣን፣ ውሻው በመነጽሩ በለጠን» ብለው ተንተባተቡ።

«እሱን ተወው» አሉ ሴትዮዋ። «ቅድም ያልከውን እንደገና በለው።»

«ድመቷ ተኝታለች እኮ።»

«ትተኛ። እኔ አልተኛሁም።»