የክዳኑ ብሎን

መካኒኩ ጠቅላላ በቱቦው የመጠጠውን ቤንዚን መሬት ላይ እንትፍ አለና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"ቆሻሻ ነው" አለ። "ካርቡራተሩ ውስጥ ዝቃጭ ተኝቷል። ሞተሩ ሊጠጣ ሲል ያንቀዋል።"

አሮጌው የጀልባ ሞተር ግቢው መሃል በእንጨት ላይ ታስሮ፣ የታችኛው ጫፉ ውሃ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ገብቷል። ሽፋኑ ወልቆ ሆዱ ይታያል። መካኒኩን ሰፈሩ ጠቅላላ የሚለው በሩ ላይ "ጠቅላላ ጥገና" ብሎ ስለጻፈ ነው፤ ከጃንጥላ እስከ ወፍጮ የማይነካካው ነገር የለም።

"እውነት ችግሩ እሱ ብቻ ነው?" አሉ የባለ ጀልባው እናት ከደረጃው ላይ ሆነው።

"እማማ፣ ይኸው እኮ።" ጥቁር አተላ ያለበትን መዳፉን ዘረጋላቸው።

"አየሁት። ሌላ የለም ወይ ነው ያልኩህ።"

"እማዬ፣ ተይው ይሥራበት" አለ ልጃቸው ቀና ሳይል። ሁለቱም እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ትናንት ሚስቱን ጠይቆ ሲመለስ ሞተሩ ሐይቁ መሃል ጠፍቶበት፣ እስኪመሽ ቀዝፎ ነው የገባው።

እሳቸውንም ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል፤ እማማ ቀስበሉ። ውሃ የሚቀዳውንም፣ ደረጃ የሚወጣውንም "ቀስ በሉ" ይሉታል። ስሙን ያውቁታል፤ አይከፋቸውም።

የልጃቸው ስልክ ጮኸ። ምራታቸው ናት። ማዶ ካለው ሆስፒታል ተኝታ በቀዶ ጥገና ወልዳለች፤ ዛሬ ወጣች። ሐይቁን የሚዞረውን የመኪና መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል።

"አልጋውን ለሌላ ሰው ሰጡት" አለች፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። "ሕፃኑን ይዤ ወደቡ ላይ ነኝ። ነፋሱ ጀምሯል።"

"ቆርቆሮው ሥር ተጠለይ። እየመጣሁ ነው።"

"ነፋስ አለች?" አሉ እማማ ቀስበሉ።

"ነፋስ ደግሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?"

በግቢው በር ወደ ሐይቁ አዩ። ጠዋት ሰማያዊ የነበረው ውሃ አሁን አመድ መስሏል። ማዶው የለም። ወፎቹም ከምሰሶዎቹ ላይ ተነሥተው ሄደዋል፤ የት እንደሄዱ አላዩም።

ጠቅላላ ካርቡራተሩን መልሶ ገጠመ፤ የተሰነጠቀውን ቱቦ ለወጠ። ለሙከራ የጀልባውን ቀይ የቤንዚን ሰልባትዮ ከቤት አላስወጣም። እንደ ልማዱ አንድ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ቀድቶ፣ ዘቅዝቆ ምስማር ላይ ሰቀለውና ቱቦውን ከአፉ ላይ አሰረ። ልጃቸው ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ተነሣ፣ በርሜሉን አንቦጫረቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ ሳሳና ጠፋ።

ልጃቸው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አለቀልኝ።"

"ምን አለቀልህ፣ ላስቲኩን እየው" አለ ጠቅላላ እየሳቀ። ላስቲኩ ጎኑ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ነበር። "እኔን ነው መቀጥቀጥ። ከላይ አየር ካልገባ ከታች ቤንዚን አይወርድም። እሱም ነፍስ አለው፣ ይተንፍስ እንጂ።" ምስማር አንሥቶ የላስቲኩን ቂጥ በሳው። ሞተሩ በአንድ ስበት ተነሣ፤ አልጠፋም።

ሁለቱ ሲሳሳቁ እማማ ቀስበሉ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ሰልባትዮው ድሮ የሚያድረው ጓሮ ነበር። የጎረቤት ሰልባትዮ ሲሰረቅ ልጃቸው ቤት አስገብቶ የትልቋ ልጁ አልጋ አጠገብ አኖረው። ሌሊት ቤንዚኑ ሸተታቸው። ልጅቷ ታፍና ታድራለች ብለው ተነሥተው፣ ክዳኑ ላይ ሽታው የሚወጣባትን ትንሽ ብሎን በቢላዋ ጀርባ አጠበቋት። ልጃቸው ክዳኑን ሳያይ ወዝውዞ፣ ሙሉ ነው ብሎ ነው ትናንት ይዞት የወጣው።

ዝም ቢሉስ? ሞተሩ ዳር ላይ ይጠፋል፤ እየተሳደበ ይመለሳል፤ ነፋሱ ያልፋል፤ ነገ ይሄዳል። ትናንት ግን የጠፋው ዳር ላይ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ሲመለስ ብቻውን አይደለም።

ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲወጡ ሁለቱ ሞተሩንና ሰልባትዮውን ይዘው ወደ ሰፈሩ ወደብ ወርደዋል።

ወደቡ ላይ ሲደርሱ ጀልባው እንደታሰረ ይንጠራራል። ሞተሩ ቦታው ገብቷል፤ ልጃቸው ሰልባትዮውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ቱቦውን እየሰካ ነው።

"እማዬ፣ ራቅ በይ፣ ውሃው ይረጭሻል።"

"ቀስ በል።"

"ደግሞ ጀመረሽ።"

"ቀስ በል አልኩህ።" ጎንበስ ብለው ቢላዋውን ከኪሳቸው አወጡና ብሎኗን ፈቱ። ሰልባትዮው ረዥም ትንፋሽ ሳበ፤ የገባው ጎኑ ጓ ብሎ ወጣ።

የጠቅላላ ፈገግታ ጠፋ። "ማነው ይችን የዘጋት?"

"እኔ ነኝ። ሽታው ልጅቷን እንዳይገድልብኝ።"

ልጃቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቹን አየ። "ትናንትም?"

"ትናንትም።"

"ትናንት እኮ እኔ…" አለና ተወው። ማዕበሉ ጀልባውን ከምሰሶው ጋር አጋጨው።

"ነገ ብትሄድስ?" አሉ፤ መልሱን እያወቁት።

"አራስ ናት፣ እማዬ። ቆርቆሮ ሥር አታድርም።"

ጫማቸውን አወለቁ። ለጠቅላላ አቀበሉትና "ልጅቷን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ" አሉት። ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ጀልባው ውስጥ ጣሉ።

"ምን እየሆንሽ ነው? ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው ትይ የለ?"

"አሁንም በባልዲ ነው። አንተ መሪ ትይዛለህ፣ እሷ ሆዷ ተሰፍቷል። ስንመለስ ሕፃኑን ማን ሊይዘው ነው?"

ሰልባትዮውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ማንም እንዳይነካት ብሎኗን በመዳፋቸው ከለሏት። ቤንዚኑ ሸተታቸው፤ አፍንጫቸውን አልሸፈኑም። ጠቅላላ ገመዱን ፈታ። ማዶው አሁንም የለም።

ልጃቸው የሞተሩን ገመድ ጨብጦ ዞር ብሎ አያቸው፤ የለመደውን ቃል ይጠብቃል።

"ሳበው" አሉት።