በአስር የሚያካፍለው ሰው

«ምስኪን ነበር» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ንፍሯቸውን ከእፍኛቸው እየቆነጠሩ። «ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። የመቃብሩን ወጪ እንኳ የቻለው እድሩ ነው።»

ወንዳፍራሽ ይህን ሲሰማ በአንድ እጁ የሻይ ፔርሙዝ፣ በሌላው ሦስት ታጣፊ ወንበር ተሸክሞ በሰዎች እግር መሃል መንገድ ይፈልግ ነበር። አማረ የተቀበረው ትናንት ነው። የሟቹ የአጎት ልጅ ፊሊጶስ ሲያትል አጠገብ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ያለውን ቤቱን ለለቅሶ ከፍቶ፣ ግድግዳው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጥቁር ሹራቡን ለብሶ ተቀምጧል። የሚገባው ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ወደ ፍራሹ ሄዶ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይላል። ከዚያ ቀና ሲል ወንዳፍራሽን ያገኘዋል፤ «ውሃ ይኖራል?» ይለዋል።

ውሃ ነበር። ያመጣው ራሱ ወንዳፍራሽ ነው፤ እሱ ሲያወራው ጣናን የሚያስንቅ፣ ላየው ሰው ግን አራት ካርቶን።

«ምስኪን» የምትለዋን ቃል ሊያልፋት አልቻለም። ፔርሙዙን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሌላ አማረ መሆን አለበት» አለ። «የኛ አማረ እኮ በመሥሪያ ቤት በኩል የከፈተው የጡረታ ሒሳብ አለው። አይ አር ኤ ይሉታል ፈረንጆቹ። በዚያ ብር ይቺን ስካይዌይን ከነኮረብታዋ ገዝቶ መልስ ይቀበላል።»

«ስንት ቢሆን ነው?» አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ንፍሮው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆሞ።

«ሚሊዮን ብል ቀንሼ ነው።»

ይህን ብሎ እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ ዞር አለ። ከቀኙ የቆመው የፊሊጶስ ፍሪጅ ነበር። ፍሪጁ ምንም አላለም።

እዚያ ቦታ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ የቆመው አማረ ነው። ሁለቱ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና አከራይ ድርጅት ውስጥ ተከራዮች የመለሷቸውን መኪናዎች ያጥቡ፣ ይጠርጉ ነበር። ወንዳፍራሽ እንደሚለው ሲያትል ውስጥ በእሱ እጅ ያልታጠበ ጎማ አይሽከረከርም። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሥር የአልማዝ ቀለበት አግኝቶ ሲመልስ፣ ባለቀለበቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ብላ ፖሊስ ነው ያላቀቃቸው። ከቁንጫ ሌጦ የሚያወጣ ሰው አለ ከተባለ ወንዳፍራሽ ካባ ይሰፋበታል። ወሬው ጫፍ ሲደርስ አማረ የአቧራ መሳቢያ ማሽኑን ያጠፋና ለሰሚዎቹ «በአስር አካፍሉት» ይላል። ከዚያ ማሽኑን መልሶ ያስነሳል። በዕረፍት ሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ሠርግ ላይ፣ ወንዳፍራሽ ያበዛል፣ አማረ ያካፍላል። ሰዉም የሚደርሰውን ይዞ ስቆ ይሄዳል። በአማረ አጠገብ ማንም ወንዳፍራሽን ውሸታም ብሎት አያውቅም።

አሁን አካፋይ የለም። ሚሊዮኑ እንዳለ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ በረንዳ ሄደና ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ወንዳፍራሽ ጋ ደረሰ። ሁለት ሚሊዮን ሆኖ፣ ፌደራል ዌይ ከተማ አንድ አፓርታማ ተመርቆለት። ወንዳፍራሽን እንኳ ገረመው።

የአማረ የጡረታ ሒሳብ የተከፈተው በዚሁ ዓመት በፋሲካ ሰሞን ነበር። ከደሞዝ ክፍል ሳሌም የምትባል፣ እዚሁ ያደገች ልጅ ታብሌቷን ይዛ ወደ ምሳ ክፍላቸው መጣች።

«ሶ፣ የግል የጡረታ ሒሳብ በሉት» አለች። «ድርጅቱ ከየደሞዛችሁ ቆርጦ ያስገባላችኋል፤ ሒሳቡ ግን የራሳችሁ ነው፣ ሥራ ብትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ሀምሳ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሲሞላችሁ ያለ ቅጣት ታወጣላችሁ።»

«ተኩሏ ምንድን ናት?» አለ አማረ።

«አላውቅም፤ ሕጉ ነው።»

«ግማሽ ልደት የሚቆጥር መንግሥት አይቼ አላውቅም። ታክሱስ?»

«ወይ አሁን ትከፍላለህ፣ ወይ ስታወጣ።»

«አሁን ልገላገል። እርጅና ላይ ዕዳ አልደርብበትም።»

«እኔን ሚሊዮን እስኪሞላልኝ ቁረጪኝ» አለ ወንዳፍራሽ። «ሲሞላ ይቺን ድርጅት እገዛና አንቺን ሥራ አስኪያጅ አደርግሻለሁ።»

ሳሌም የምር መስሏት ቀና አለች።

«በአስር አካፍይው» አላት አማረ። «ስትጨርሺ ደግሞ በአስር።»

ልጅቷ ሳቀች። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኦኬ፣ ቤኔፊሺያሪ የሚል አለ። ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ብትሞቱ ማን ይውሰደው?»

ከሠራተኞቹ አንዱ አማተበ። ሌላው ዕረፍቴ አልቋል ብሎ ሳንድዊቹን ይዞ ወጣ። ሟርት በታብሌት ሲመጣባቸው የመጀመሪያቸው ነው። አማረ ብቻ ጎመኑን እያላመጠ «ወንዳፍራሽን ጻፊ» አላት።

«ምንህ ነው?»

«ምን ምን አለ እዚያ?»

«ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ ሌላ።»

«ወንድም በዪ።»

«የአባታችሁ ስም አንድ አይደለም እኮ።»

«እንግዲያው በእናት በዪው» አለና ወደ ጎመኑ ተመለሰ።

ወንዳፍራሽ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ጄኔራል ያለ ፍርሃት የሚዋሸው ሰው፣ ስለዚህች ነገር የሚጨምራት አጣ። ቆይቶ ብቻ «የኔንም እንደሱ አድርጊው» አለ፣ ታብሌቱን እያየ። ሦስት ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሚጮህበት ሕንጻ፣ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊሊጶስ ወንዳፍራሽን ወደ ጋራዡ ጠራው። በልብስ ሳጥኖችና በሕፃን ብስክሌት መሃል ቆሙ።

«ለእስከዳር ኮል አድርጌ ነገርኳት» አለ ፊሊጶስ። እስከዳር ደብረ ብርሃን ያሉት፣ አማረን ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። «ወንድምሽ ባዶ እጁን አልሞተም፣ ብዙ ገንዘብ አለ አልኳት። ትንሽ ትጽናና ብዬ። ለመሆኑ ወራሽ ብሎ ማንን አስጻፈ?»

«እኔን።»

ፊሊጶስ ብስክሌቱን በእግሩ ገፋ አደረገ። «ምንህ ነው?»

«ወንድም ብሎ ነው።»

«በምን በኩል?»

«በእናት» አለ ወንዳፍራሽ።

«እናቱን እኔ ነኝ የማውቃት። አንድ ወንድ ነው የወለደችው።»

«አውቃለሁ። ግን ስማኝ፤ ገንዘቡ እኮ ትንሽ ነው። የጀመርነው በፋሲካ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምን ይጠራቀማል? ለእሳቸው ነው የምልከው፣ ሁሉንም።»

«ጠዋት ሚሊዮን ነበር። ወራሹ አንተ ስትሆን አነሰ?»

ወንዳፍራሽ በዕድሜው ያልጨመረበት አንድ ወሬ ቢያወራ፣ እሱ ደግሞ የሌባ ወሬ መሰለ።

«ደክሞሃል» አለው ፊሊጶስ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «ቤትህ ገብተህ አረፍ በል። ነገ ሰልስት ነው፣ ሰው ይበዛል። ባትለፋ።»

በሀበሻ ቤት ከዚህ የባሰ «ውጣ» የለም።

በማግስቱ ግን ከዋይት ሴንተር ነድቶ መጣና ከቤቱ ማዶ ፓርክ አደረገ። ዝናቡ ሲያትል እንደሚያውቅበት፣ የዘነበም ያልዘነበም ሳይመስል ይወርዳል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ትሪ ይዘው ይገባሉ፤ ወንዶች በር ላይ ጫማቸውን ለማውለቅ አንዱ የሌላውን ክንድ ይይዛሉ።

«አምስት መቶ ሰው መጣልህ» አለ ወንዳፍራሽ ጮክ ብሎ፣ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ወንበር።

የሚያካፍልለት የለም፤ ራሱ ቆጠራቸው። ሃምሳ አይሞሉም።

ሞተሩን አስነስቶ መሄድ ይችል ነበር። ቢሄድ የሚሆነው ግልጽ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት አሮጊት የሌለ ሚሊዮን ስትጠብቅ ትኖራለች፣ አማረም በሞቱ የተዘረፈ ሰው ይሆናል፣ እሱም ዘራፊው። የአማረ ወንድም መሆኑን እንኳን ሰው ሊያምነው፣ ከዚያ በኋላ ራሱም አፍ አውጥቶ አይለውም። ቁልፉን ነቀለ።

ሲገባ በሩ አጠገብ ያሉት ዞረው አዩት። ፊሊጶስ ፍራሹ ላይ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ያወራል፤ የእስከዳር ድምፅ ከስፒከሩ ይሰማል። ወንዳፍራሽ ምንጣፉ መሃል በካልሲው ቆመ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ያ ሚሊዮን ያልኩት። በአስር አካፍሉት።»

ፊሊጶስ ስልኩን ከአፉ አራቀ።

«እንደገና በአስር። እንደገና ደግሞ።»

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አንቀሳቀሱ። «አንድ ሺህ?»

«ከዚያም ትንሽ ይጎድላል፣ ጋሼ።»

ከኩሽና በኩል አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከጥግም ሌላ ተከተለ። ፊሊጶስ ግን አልሳቀም።

«እና ወንድም ነኝ ያልከውስ?» አለ። «እሱ በስንት ይካፈላል?»

«እሱን አታካፍሉት» አለ ወንዳፍራሽ። ድምፁ ወሬ የሚያወራበት ድምፅ አልነበረም። «እሱን ያለው አማረ ነው። እኔ አልጨመርኩበትም።»

ሳቁ ጠፋ። ፊሊጶስ የሹራቡን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር። ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ያለ፣ ባለቀሰ ጉሮሮ።

«ስጡኝ እስቲ ሰውዬውን።»

ስልኩ በእጅ በእጅ አልፎ ደረሰው። ስፒከሩን አጥፍቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«አማረ ሲደውልልኝ ከኋላው የምትንጫጫው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሲስቅ የምሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ልጄ፣ አንተንም እግዚአብሔር ያጥናህ።»

ከቀብሩ ጀምሮ ይህን ያለው ሰው አልነበረም። ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ።

«ብሩን ተወው፣ ለተዝካሩ ይሁን» አሉ እስከዳር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ፊሊጶስን ብጠይቀው አላወቀም። አማረ ከልጅነቱ እግሩን ይበርደዋል። አልጋው ላይ እግሩን እኔ ነበርኩ በእጄ የማሞቅለት። ካልሲ አድርገውለታል?»

ወንዳፍራሽ የቀብር አስፈጻሚው አዳራሽ ትዝ አለው። የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የተከፈተው የራስጌው ብቻ ነበር። ፊሊጶስ የገዛው ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የታሰረ ክራቫት ይታያል። ከሆዱ በታች ያለውን ያየ ሰው የለም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰባት በግ ሱፍ በምላሱ ፈትሎ ያለብሰው ነበር።

«አድርጓል» አለ። «ወፍራም ነው።»

«እሰይ» አሉ፣ እንደ መተንፈስ። «እሰይ፣ ልጄ። እንግዲያው ይተኛ።»

ስልኩን ለፊሊጶስ መለሰ። ፊሊጶስ ተቀበለውና ፍራሹ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ቦታ ይልቀቅለት ይመቻች አይታወቅም። ወንዳፍራሽ አልተቀመጠም። በሰዎች እግር መሃል ወደ በሩ ሄደ፣ ከጫማው ክምር የራሱን ፈልጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ጉልበቱ ላይ ያርፋል።

እግሩ ላይ ያሉት ለሥራ የሚያደርጋቸው የሱፍ ካልሲዎች ነበሩ፤ ተረከዛቸው ገና አልሳሳም። አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን አወለቀ። አንዱን በሌላው ውስጥ ጠቀለለና፣ ሙቀታቸው እንዳይወጣ ይመስል፣ ከኮቱ በታች ደረቱ ላይ ከተታቸው። የአማረ መቃብር ሬንተን ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ነው፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ባዶ እግሩን በቀዘቀዘው ጫማ ውስጥ አስገባና ክሩን ማሰር ጀመረ።