የወስፌ ሚስት

የልብስ ሰፊዋን ክፍል ከፀጉር አስተካካዩ ቤት የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። እዚህ ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ከማዶ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ረገጥ ለቀቅ እያደረገች፣ ቅዳሜ ጠዋት ማዶ የሚወራውን ሁሉ ትሰማለች። የሚወራው ደግሞ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ባሏ።

ባሏ የከተማው ቡድን አጥቂ ነበር። ተከላካዮቹን ሰርስሮ ስለሚገባ ደጋፊው «ወስፌ» አለው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። ጫማ ከሰቀለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጉልበቱን ስለሚያመው ከቤት አይወጣም። ደጋፊዎቹ ግን አልረሱትም። ፀጉር አስተካካዩ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩና ጡረታ የወጡት አስተማሪ በየሳምንቱ ጎሎቹን እያነሱ ይጥላሉ። እሷም ይህን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በግራ እግር ነው።

«ያቺን የፍጻሜዋን ጎል በግራው ነው የጠለዛት» አለ ሾፌሩ።

«ኧረ በቀኙ! የወስፌ ግራ እግር ለመቆሚያ ብቻ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«እኔ ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። አንተ የት ነበርክ? መግቢያ አጥተህ ዛፍ ላይ!»

«ቆይ፣ አትጣሉ» አሉ አስተማሪው። «ግራ ነው። አሁን ትዝ አለኝ።»

«እውነትም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ደጃፍ ላይ የወደቀ የጀሪካን ክዳን አየና በግራ እግሩ ለጋው። ክዳኑ የአጥሩን በር መሐል ለመሐል መታ።

«ደግሞ ግራ እግር ከየት አመጣህ?» አለች እየሳቀች።

«ምን ማለትሽ ነው? መቼ በቀኝ መትቼ አውቃለሁ?» አላት። እየቀለደ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኳስ በግንባሩ ሲገጭ ከጎሉ ብረት ጋር ተላትሞ ቅንድቡ መሰንጠቁን አወሩ። ደሙን በማልያው እየጠረገ ጨረሰ፣ ጀግና ነበር፣ ተባባሉ። እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። የዚያን ቀን ማልያ ያጠበችው እሷ ናት፤ ከጭቃ በቀር ምንም አልወጣውም። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ ፎጣ ስታቀብለው ግን ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አየች። ያረጀ፣ የነጣ ጠባሳ። በጣቷ ዳበሰችው። አልለቀቀም።

«ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከብረቱ ጋር የተላተምኩ ጊዜ ነዋ። ረሳሽው እንዴ?»

ማዶ ሦስቱ ሰዎች የተስማሙበት ነገር ቤቷ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። ለማን ትናገር? ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን ጣለች ብለው መሳቂያ ነው የሚያደርጓት። ለማንም ሳትናገር ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ።

«ወስፌ እኮ» አሉ አስተማሪው፣ በፍቅር ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «ትዳር የሚባል ነገር አያውቅም። ሚስቱ ኳስ ነበረች።»

መርፌው ጣቷን ወጋት።

«እውነት ነው። ከማልያው በቀር ማንንም አላቀፈ» አለ ሾፌሩ።

ችፑዱን ልትደልቅ እጇን አነሳች። መቀሱ ቆመ።

«እውነትም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሚስት ሲኖረው አይቼ አላውቅም።»

ይህን የሚለው በየማለዳው «እትዬ፣ ወስፌ እንዴት አደረ?» እያለ የሚጠይቃት ሰው ነው።

የጀመረችውን ቀሚስ መኪናው ላይ እንደተሰካ ትታ ወደ ቤቷ ሮጠች። አልጋው ላይ አንድ ትራስ ብቻ አለ። የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ባሏ ለብቻው ቆሟል፤ ክንዱ አንድ ሰው እንደያዘው ታጥፎ። እሱ ራሱ ወንበር ላይ ነበር። ሲያያት ከጉልበቱ ጋር እየታገለ ተነሣ።

«ይግቡ እሜቴ። ማንን ፈልገው ነው?»

ሠላሳ ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ አፍ ነው።

«ሚስትህ ነኝ» አለችው።

በትሕትና ፈገግ አለ። «ቀልደኛ ነዎት። የኔ ሚስት ኳስ ነበረች፤ ማን የማያውቅ አለ?»

እያለቀሰች ወጣች። መንገዱን ሙሉ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንደገና «አንቺ» እንዲላት። ብትከራከራቸው ሦስት ለአንድ ነው፤ ትሸነፋለች። ስለዚህ እንባዋን ጠርጋ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገባችና መስታወቱ ፊት ካለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔም የወስፌ ደጋፊ ነበርኩ» አለች። «የፍጻሜው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ማልያው ከትከሻው እስከ ወገቡ ተቀዶ ነበር። አንዲት ልጅ ከደጋፊው መሐል ወረደችና እላዩ ላይ እንዳለ በነጭ ክር ሰፋችለት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በዓመቱ አገባት። አታስታውሱም?»

እውነት ነበር። ቃል በቃል እውነት።

ሾፌሩ ጭኑን መታ። «እንዴት ረሳኋት! ዳኛው እኮ እስክትጨርስ ፊሽካ ሳይነፋ ጠበቀ!»

«ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር» አሉ አስተማሪው።

«እውነትም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቢጫ ሻሽ።»

ያን ቀን ሻሽ አላሰረችም። ቢሆንም ቢጫ ይሁን፣ ምን ገዶኝ፣ አለች በልቧ። ቀና ብላ መስታወቱን ስታይ ራሷ ላይ ቢጫ ሻሽ ታስሯል። ሳቋ አመለጣት።

«ልጅቷ እኮ እኔ ነኝ!»

አስተማሪው በሐዘኔታ አዩዋት። «አይ እትዬ። እሷማ አፈር ከለበሰች ስንት ዘመኗ። ምስኪን፣ በልጅነቷ ተቀጨች።»

«ለዚህ እኮ ነው ወስፌ ከዚያ ወዲህ ጎል አግብቶ ያልጨፈረው» አለ ሾፌሩ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሁለቱም ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። እሷም ዞረች።

«ወንድሜ፣ አንተ እንኳ» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ጠይቀኸኝ የለም? እንዴት አደረ ብለህ? በሞቴ፣ ዝም በል። ዝም ብቻ በልልኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያት። የሚያውቃት መሰለው።

«እውነትም» አለ።

ከችፑዱ ማዶ የስፌት መኪናው ማንም ሳይረግጠው ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ሾፌሩ «ይሄ ማዶ ያለው ክፍል እስካሁን ባዶውን ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀና መስታወቱ ፊት ያለው ባዶ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ተራው ነበር።

ቤት ውስጥ ፎቶግራፉ ላይ አሁን ሁለት ሰው አለ፤ ወስፌና ክንዱን የያዘች ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ። ወስፌ ከግድግዳው አወረዳት፣ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

«አንቺ» አላት።