በረዶ የሆነው መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋ የዕለቱን መርፌ ልትወጋ ፍሪጁን ከፍታ መድኃኒቱን ብታነሳው በረዶ ሆኗል። ወደ ብርሃን ይዛ ብትነቀንቀው ውስጡ ንቅንቅ አይልም።

«ማነው ይሄን ፍሪጅ የነካው?»

ባሏ ከሳሎን ሆኖ ደረቱን ነፍቶ መለሰ። «እኔ ነኛ! መድኃኒትሽ እንዳይበላሽ ብዬ ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ጨመርኩልሽ። ፍሪጅ የምጠግነው ለሰው ብቻ ነው እንዴ?»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ግን ጠምጥሞ የተወለደ ነው። የክሊኒኳ ነርስ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ ልታስረዳ በጠራች ቀን «የሴት ጉዳይ ነው፣ ሰምተሽ ትነግሪኛለሽ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሚስቱ ብቻዋን ሰማች። መርፌው እንቁላሎቿን አንድ ላይ ያሳድጋል። ሲደርሱ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ያወጣቸዋል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ተገናኝተው ፅንስ ይሆናሉ፤ ጥቂት ቀን ካደጉ በኋላ ወደ ማህፀኗ ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ ከሆነ ይጣላል። መርፌው በመሃል ከተቋረጠ ደግሞ እንቁላሎቹ ማደጋቸውን ያቆማሉ፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ይሄን ሁሉ ቤት መጥታ ስትነግረው እሱ ኳስ እያየ «እሺ፣ እሺ» ይላት ነበር።

ወዲያው ነርሷ ጋ ደወለች።

«እሱን እንዳትወጊው» አለቻት ነርሷ። «እዚህ ሌላ አለን፤ ሳንዘጋ ድረሺ። ባልሽንም ይዘሽ ነይ። ዘሩን የሚሰጥበት ቀን ቀርቧል፣ ዛሬስ ቁጭ ብሎ ይስማኝ።»

ስልኩን ስትዘጋ ሶፋው ላይ የተቀመጡት አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ድሮም ብያለሁ። መሬቱ እምቢ ካለ ዘሩ ምን ያድርግ? ልጄን በከንቱ አታድክሚው።»

ደሟ ፈላ። ሆዷ በመርፌ ብዛት ጠቋቁሯል፤ ጎንበስ ብላ መስፋት እንኳ አቅቷታል። አማቷ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ዓመታት አልፈዋል። የእሷ እንቁላል ጤነኛ ነው። የባሏ ዘር ነው ጥቂትና ደካማ የሆነው፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ መርጦ እንቁላሉ ውስጥ ካላስገባው በራሱ አይደርስም። ባልና ሚስቱ ውጤቱን የሰሙ ዕለት ባሏ እግሯ ላይ ወድቆ «እማዬ እንዳትሰማ» አላት። አማቷም አልሰሙም። ሰፈሩ መካን ሲላት፣ አማቷ ሲያሽሟጥጧት፣ እሱ አንድ ቀን አፉን አልከፈተም።

ዛሬም ዞር ብላ ብታየው ከተቀመጠበት ተነስቶ ጭንቅላቱን ፍሪጁ ውስጥ ከቶ የሚፈትሽ ይመስላል።

«ከዚያ ውስጥ ውጣ!» ብላ ጮኸች። «ውጣና ንገራቸው!»

«ምኑን?»

«እግሬ ላይ ወድቀህ የለመንከኝን!»

ባሏ ተመልሶ የፍሪጁን ቅዝቃዜ ማስተካከያ ማዞር ጀመረ። አማቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«እንግዲያው እኔው ልናገር። እማማ፣ መሬቱ ደህና ነው። ችግሩ ዘሩ ላይ ነው። ሐኪሙ ለሁለታችንም ነግሮናል፣ ልጅዎም ያውቃል። ይሄን ሁሉ መርፌ የምወጋው ለእኔ በሽታ አይደለም፤ የእሱ ደካማ ስለሆነ ነው። የእሱን ደካማነት የተሸከምኩትም እኔ፣ የተሰደብኩትም እኔ! አሁን ደግሞ መድኃኒቴን በረዶ አደረገብኝ፣ ቁጭ ብሎ መስማት ውርደት ስለመሰለው!»

«እውነት ነው?» አሉ አማቷ ልጃቸውን።

«እማዬ…» ብሎ ቀረ።

ሴትዮዋ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ታዲያ እንደዚያ አፌን ስከፍትብሽ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ለልጅዎ ብዬ ነበር» አለች ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «ከዛሬ ጀምሮ ለልጄ ነው።»

በሩን ከፍታ ወጣች። ባሏ ግን ተገትሮ ቀረ። አማቷ ከሶፋው ሥር ጫማውን አንስተው ደረቱ ላይ ወረወሩት።

«ምን ይገትርሃል? ሩጥ! ሄደህ የሚሉህን ስማ!»